ባለ ብዙ መስመር ሎግ በአርሲስሎግ፦ የትኛው አነባበብ ይሻላል? እንዴትስ ይፈተናል?

የጃቫ ፕሮግራም ሲወድቅ አርባ፣ ሃምሳ መስመር ይተፋል። ለእኛ ይሄ አንድ ስህተት ነው። ሎግ (የፕሮግራም የሥራ መዝገብ) ሰብሳቢው ግን ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱን መስመር ራሱን የቻለ መልእክት አድርጎ ይልከዋል። መስመሮቹ ማዕከላዊው ሰርቨር ላይ ሲደርሱ ከሌሎች ማሽኖች ሎግ ጋር ይደባለቃሉ። ከዚያ ወዲያ የትኛው መስመር የየትኛው ስህተት ጭራ እንደሆነ መለየት ልፋት ነው።

አርሲስሎግ ለዚህ አራት መላ አለው። አርሲስሎግ እ.ኤ.አ. በ2004 ራይነር ጌርሃርድስ የጀመረው፣ ዛሬ በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የሚገኝ ሎግ ሰብሳቢ ነው። ከፋይል የሚያነበው ክፍሉ ኢምፋይል ይባላል። ኢምፋይል ባዶ መስመርን እንደ ወሰን መውሰድ ይችላል። ገባ ብለው የተጻፉ መስመሮችን ከበላያቸው ካለው ጋር ማያያዝም ይችላል። ወይም ደግሞ መልእክት የሚጀምርበትን አለዚያም የሚያልቅበትን መስመር በሬጀክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በሚገልጽ የፍለጋ ቀመር) ትነግሩታላችሁ።

ሰነዱን አንብቦ አንዱን መምረጥ ቀላል ይመስላል። ችግሩ፣ ተጽፎ ያለቀ ፋይል ከሰጣችኋቸው ብዙውን ጊዜ አራቱም ያምራሉ። የሚለያዩት ፋይሉ ገና እየተጻፈ ሳለ ነው፤ በተለይ የመጨረሻው መልእክት ላይ። «ይሄ መልእክት አልቋል» የሚለውን በምን ያውቃል? መቼስ ያውቃል? እኔ ምርጫውንም ፈተናውንም ከዚህ ጥያቄ እንድትጀምሩ እመክራለሁ።

ባዶ መስመር

ይሄኛው ሪድሞድ 1 ነው፤ ሪድሞድ የኢምፋይል የአነባበብ ቅንብር ነው። በሁለት መልእክቶች መካከል ባዶ መስመር አለ ብሎ ያምናል። ፕሮግራሙን ራሳችሁ ጽፋችሁት፣ ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ ባዶ መስመር እንደሚጥል እርግጠኛ ከሆናችሁ ይሠራል። ከዚያ ውጪ አልመክረውም። አንድ ሰው ረጅም የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ጥያቄ ለዓይን እንዲመች መሃሉ ላይ ባዶ መስመር ቢያስገባ መልእክቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ፕሮግራሙ ባዶውን መስመር ከመልእክቱ በኋላ ሳይሆን በፊት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው መልእክት ሌላ እስኪመጣ ታግቶ ይቀራል።

ገባ ያለ መስመር

ሪድሞድ 2 የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በክፍት ቦታ ወይም በታብ የጀመረ መስመር ሁሉ የቀደመው መልእክት ተከታይ ነው። ከመስመሩ ራስ የጀመረ ደግሞ አዲስ መልእክት ነው። ሬጀክስ የለበትም፣ ፈጣን ነው፣ የሚሳሳቱበት ነገርም ያለው አይመስልም።

ግን የጃቫን ስታክ ትሬስ (ስህተቱ ያለፈባቸውን የኮድ ቦታዎች ዝርዝር) ልብ ብላችሁ እዩት። «አት» ብለው የሚጀምሩት መስመሮች በእርግጥም በታብ ገባ ብለዋል። የስህተቱ ስም ያለበት መስመር ግን ከዳር ይጀምራል። «ኮዝድ ባይ» የሚለውም፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ዋናውን ምክንያት የያዘው መስመር፣ ከዳር ይጀምራል። ስለዚህ አንዱ ስህተት ሦስት መልእክት ሆኖ ይደርሳችኋል፦ የሎግ መስመሩ ለብቻው፣ ላይኛው ስህተት ከነጭራው፣ መነሻው ስህተት ከነጭራው።

ፓይተን ላይም ያው ነው። «ትሬስባክ» የሚለው መስመር ከዳር ይጀምራል፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ገባ ይላል፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ «ቫሊው ኤረር» ወይም ሌላ የስህተት ስም እንደገና ከዳር ይጻፋል። ቦታው በአንድ መልእክት፣ የስህተቱ ስም በሌላ። ማንቂያ ያዘጋጀ ሰው የስህተቱን ስም ያገኛል፤ የት እንደተከሰተ ግን ሌላ መልእክት ውስጥ መፈለግ አለበት።

ፖስትግሬስ ለሚባለው ዳታቤዝ ግን ሪድሞድ 2 በልኩ የተሰፋ ነው። ፖስትግሬስ ሎጉን በተራ ጽሑፍ ሲጽፍ፣ ብዙ መስመር ያለው ጥያቄ ቢያጋጥመው ተከታዮቹን መስመሮች ራሱ በታብ ያስገባቸዋል። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ስህተቱና ስህተቱን ያመጣው ጥያቄ ሁለቱም የየራሳቸው ቀንና መለያ ይዘው ነው የሚጻፉት። ስለዚህ አነባበቡ ትክክል ሆኖም ሁለት መልእክት ታያላችሁ። በፕሮሰስ ቁጥሩ ማገናኘት የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው መልእክት። ሪድሞድ 2 አንድ መልእክት ማለቁን የሚያውቀው ከዳር የሚጀምር ቀጣይ መስመር ሲያይ ብቻ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስህተት ተጻፈ እንበል። ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ፕሮግራሙ ምንም ካልጻፈ ስህተቱ የሚላከው ጠዋት ነው። ሞልቶ እንኳ ከኋላው ሌላ ካልመጣ ከተራው የማይነቃነቅ ሚኒባስ በሉት። የሚብሰው ደግሞ ኢምፋይል መልእክቱ ላይ የሚለጥፈው ሰዓት መልእክቱን ያስገባበትን ሰዓት ነው። ማዕከሉ ላይ ስታዩት የሌሊቱ ስህተት የጠዋት ስህተት መስሎ ይታያል።

የመጀመሪያ መስመር በሬጀክስ

ስታርትኤምኤስጂ ሬጀክስ የሚባለው ቅንብር ከአርሲስሎግ ስሪት 8.10 ጀምሮ አለ። «አዲስ መልእክት እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው» ትሉታላችሁ፤ ያንን እስኪያይ ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ይጠቀልላል። አብዛኛው የሎግ ፋይል በቀንና ሰዓት ስለሚጀምር፣ አራት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ሁለት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ሁለት አሃዝ የሚል ሬጀክስ ከመስመሩ ራስ ላይ ማሰር ለጃቫም ለፓይተንም ይበቃል። «ኮዝድ ባይ» ከዳር ቢጀምርም ቀን ስለሌለው አይሰነጠቅም። ፕሮግራሙ በቀን የሚጀምሩ ዝርዝሮችን ሎጉ ውስጥ የሚያትም ከሆነ ሰዓቱንና የክብደት ደረጃውን ጨምራችሁ አጥብቁት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አርሲስሎግ የሚጠቀመው የፖዚክስን ሬጀክስ ነው። ከፐርል የለመድነው፣ «ባክስላሽ ዲ» ብሎ አሃዝን መግለጽ እዚህ አይሠራም። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ከ0 እስከ 9 ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ ላይ ባለ የሬጀክስ መፈተሻ ሞክራችሁት አረንጓዴ ቢያሳይ አትመኑት። እነዚያ መፈተሻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት የፐርልን ወይም የጃቫስክሪፕትን ዓይነት ነው። በ«ግሬፕ» ትእዛዝ፣ በትልቁ «ኢ» አማራጭ፣ በራሱ በሎግ ፋይላችሁ ላይ ብትሞክሩት ወደ እውነቱ ትቀርባላችሁ። የተያዙት መስመሮች ቁጥር ከመልእክቶቹ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት።

ሬጀክስ ከሪድሞድ ይልቅ አቅም ይበላል። በአንድ ጊዜ በጣም ብዙ ፋይል ለሚያነብ ማሽን ይሄ ሊታሰብበት ይገባል። ለተራ ሰርቨር ግን ምርጫውን የሚቀይር አይመስለኝም።

የመጨረሻው መልእክትስ? ይሄም እንደ ሪድሞድ 2 ቀጣዩን ይጠብቃል። ልዩነቱ መላ ያለው መሆኑ ነው። ሪድታይምአውት የሚባል ቅንብር ከ8.23 ጀምሮ መጥቷል። የተባለው ሰከንድ ካለፈ ኢምፋይል በእጁ ያለውን እንደ ሙሉ መልእክት ቆጥሮ ይለቀዋል። ዲፎልቱ ዜሮ ነው፤ ካልነካችሁት ለዘላለም ይጠብቃል ማለት ነው። ሰነዱ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ ካነሰ ገና እየተጻፈ ያለውን መልእክት መሃሉ ላይ ሊቆርጠው ይችላል።

ሰነዱ እንደሚለው ይህ ታይምአውት ከሪድሞድ ጋር አይሠራም። ታዲያ እንደ ፖስትግሬስ ገባ የሚል ሎግ ያለው ሰው ታይምአውትም ቢፈልግ ምን ያድርግ? መልሱ ቀላል ነው። በሬጀክሱ «ከክፍት ቦታና ከታብ በቀር በማንኛውም ነገር የሚጀምር መስመር» በሉት። የሪድሞድ 2ን ሥራ በትክክል ይሠራል፣ ታይምአውቱንም ታገኛላችሁ። በዚህ ምክንያት ሌሊት ጭር በሚል ሎግ ላይ ሪድሞድ 2ን አልመርጥም።

የመጨረሻ መስመር በሬጀክስ

ኤንድኤምኤስጂ ሬጀክስ ከ8.38 ጀምሮ የመጣ ነው። መልእክቱ የሚያልቅበትን መስመር ትነግሩታላችሁ። ያ መስመር ሲደርስ መልእክቱ እዚያው ይለቀቃል፤ ሌላ አይጠበቅም፣ ታይምአውት አያስፈልግም። የመጨረሻው መልእክት ጥያቄ ላይ ከአራቱ ንጹሕ መልስ ያለው ይሄ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ግልጽ ማለቂያ ያለው ሎግ ጥቂት ነው። በመዝጊያ ታግ የሚያልቅ ኤክስኤምኤል ይሆናል። ተዘርግቶ የተጻፈ ጄሰንም (የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ ነው)፣ የመጨረሻው ቅንፍ ከዳር የሚቀመጥ ከሆነ፣ ይሆናል። ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ የኮንቴይነር ሎግ በሲአርአይ ቅርጽ ሲጻፍ፣ የተቆራረጠ ረጅም መስመር «ፒ» የሚል ምልክት ይይዛል፤ የመጨረሻው ቁራጭ ደግሞ «ኤፍ»። ይሄ ለማለቂያ ሬጀክስ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ብቻ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ ከተገጣጠመ በኋላ ማጽዳት አለባችሁ።

የማይኤስኪውኤልን የዘገዩ ጥያቄዎች ሎግ ያየ ሰው «ጥያቄው በሴሚኮለን (;) ምልክት ያልቃል፣ ይሄን ማለቂያ ላድርገው» ሊል ይችላል። አታድርጉት። ከጥያቄው በፊት ሰዓቱን የሚያስቀምጥ «ሴት ታይምስታምፕ» የሚል መስመር አለ፤ እሱም በዚያው ምልክት ያልቃል። አንዱ ጥያቄ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይሰበራል። እዚህ የመጀመሪያ መስመር ይሻላል። ከማይኤስኪውኤል 5.7 ወዲህ ያሉት ስሪቶች ላይ «ታይም» የሚለው የአርእስት መስመር ጥሩ መነሻ ነው። የቆዩት ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ቢመጣ ያንን መስመር ለሁለተኛው አይደግሙትም። ለእነሱ «ዩዘር አት ሆስት» በሚለው ጀምሩ፤ የሰዓቱ መስመር በቀደመው መልእክት ጅራት ላይ መንጠልጠሉን ቻሉት።

አደጋው ደግሞ እዚህ አለ። ፕሮግራሙ መልእክቱን ሳይጨርስ ቢገደል ማለቂያው አይመጣም። ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ የሚጽፈው አዲስ መልእክት ከአሮጌው ቁራጭ ጋር ይጣበቃል። ማስታወስ የሚገባው ሌላ ነገር፣ ሪድሞድን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሬጀክስ ለአንድ ፋይል ደርቦ መስጠት አይቻልም።

እንዴት ልፈትነው?

ዋናውን አገልግሎት አትንኩ። ለብቻው የሆነ የቅንብር ፋይል ጻፉ። የሥራ ማውጫውንም ለብቻው አድርጉት፤ ኢምፋይል እስከየት እንዳነበበ የሚመዘግብበትን ፋይል የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ካለፈው ሙከራ የተረፈ መዝገብ ካለ አዲሱ ሙከራ ከመሃል ይጀምርና ግራ ያጋባችኋል። ከመነሳታችሁ በፊት ቅንብሩን በ«ኤን 1» አማራጭ አስፈትሹት። ከዚያ አርሲስሎግን ከፊት ለፊት፣ ተርሚናሉ ላይ አስነሱት።

ውጤቱን በጄሰን ጻፉት፤ አንድ መልእክት በአንድ መስመር እንዲወጣ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ፈተናውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ኢምፋይል በዲፎልቱ በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን የመስመር መቁረጫዎች በሌላ ምልክት ይተካል። ያንን ያጠፋ ሰው በተራ ጽሑፍ ካወጣው፣ በትክክል የተጠቀለለ መልእክትም እንደገና ተዘርግቶ ይታየዋል። መስመር ቆጥሮ «አልሠራም» ይላል።

የሙከራ መልእክቶቹን ቁጥር ስጧቸው። የእያንዳንዱ መልእክት የመጀመሪያ መስመርም የመጨረሻ መስመርም ያንኑ ቁጥር ይያዝ። ያኔ የተሰነጠቀውም የተጣበቀውም ወዲያው ይታያል። የአርሲስሎግ አዘጋጆች ራሳቸው ለኢምፋይል በጻፏቸው የሼል ፈተናዎች የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ፋይሉን በአንዴ አይጽፉትም፤ ግማሹን ጽፈው፣ ትንሽ ቆይተው ቀሪውን ይጨምራሉ። የሪድሞድ 2 ፈተናቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ ለቆጠራ የማይፈለግ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ። ያ መስመር ከሌለ የመጨረሻው መልእክት ስለማይወጣ ነው። እናንተ ግን ስትፈትኑ ያንን መስመር አትጨምሩ። ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ለእናንተ ብሎ ማሳረጊያ መስመር አይጽፍም። ፈተናው መውደቅ ካለበት እዚሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ይውደቅ።

በቅድሚያ ሦስት መልእክት ጽፋችሁ ዝም በሉ። ሦስተኛው ወጣ? በስንት ሰከንድ? ታይምአውት ካስገባችሁ ከዚያ ጥቂት ሰከንድ አስበልጣችሁ ጠብቁ። ታይምአውቱ በየስንት ሰከንዱ እንደሚታይ የሚወስን ታይምአውት ግራኑላሪቲ የሚባል ሌላ ቅንብር አለ፤ ዲፎልቱ 1 ሰከንድ ነው። አንድ ሰው 60 አድርጎት ከሆነ የእናንተ 10 ሰከንድ ፋይሉ ጸጥ ባለ ጊዜ 60 ይሆናል።

ቀጥሎ መልእክቱን መሃሉ ላይ አቁሙት። አምስት መስመር ጽፋችሁ፣ ከታይምአውቱ በላይ ቆይታችሁ፣ ቀሪውን አምስት ጨምሩ። ለሁለት ተሰንጥቆ ይወጣል፤ መሰንጠቁ ስህተት አይደለም፣ ታይምአውቱ የሚሠራው እንዲያ ነው። የምትፈትኑት ፕሮግራማችሁ እንዲህ ያለ መዘግየት ያመጣል ወይ የሚለውን ነው። ሎጉን በቋት አከማችቶ የሚጽፍ ፕሮግራም አንድ ስታክ ትሬስ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ቋቱ በድጋሚ ሲሞላ ሊጽፍ ይችላል። ለእንደዚህ ያለው 10 ሰከንድ ላይበቃ ይችላል። ሰብሳቢውን ከማባበል ይልቅ ፕሮግራሙ ቶሎ ቶሎ እንዲጽፍ ማድረግ ይሻላል። እግረ መንገዴን ልበል፦ ፕሮግራሙ በእጃችሁ ከሆነ እያንዳንዱን ክስተት በአንድ መስመር ጄሰን እንዲጽፍ አድርጉት፤ ከላይ ያለው ምርጫ ሁሉ አያስፈልጋችሁም።

ግማሽ መስመርም ሞክሩ። ያለ መስመር መቁረጫ ጥቂት ፊደል ጽፋችሁ፣ ቆይታችሁ ቀሪውን ጨምሩ። ከዚያ መልእክቱ ገና ሳያልቅ አርሲስሎግን በሥርዓት አቁማችሁ አስነሱት፤ ከቆመበት መቀጠል አለበት። ሁለተኛው ዙር ላይ በኃይል ግደሉት። በዲፎልቱ የንባቡ ቦታ የሚመዘገበው በሥርዓት ሲዘጋ ስለሆነ የተደገመ መልእክት ብታዩ አትደነቁ። ድግግሞሹ የሚጎዳችሁ ከሆነ ፐርሲስትስቴትኢንተርቫል የሚባለው ቅንብር በየተወሰነ መልእክቱ እንዲመዘግብ ያደርገዋል።

መጠኑን አትርሱ። የአንድ መልእክት ጣሪያ በዲፎልት 8 ኪሎባይት ነው። ረጅም ስታክ ትሬስ ይህን በቀላሉ ያልፋል። የተረፈው እንደ አዲስ መልእክት ይቀጥላል፤ አትፈልጉትም ካላችሁ እንዲጣል የሚያደርግ ቅንብር አለ። በአማርኛ መልእክት የሚጽፍ ፕሮግራም ያላችሁ ደግሞ ተጨማሪ ሒሳብ አለባችሁ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 8 ኪሎባይት ማለት ወደ 2,700 ፊደል ገደማ ነው፤ ጣሪያው የሚቆጠረው በባይት ስለሆነ መቁረጫው ፊደል መሃል ላይም ሊያርፍ ይችላል። በሙከራ ፋይላችሁ ውስጥ አንድ ረጅም የአማርኛ መልእክት ይኑር።

ፋይሉ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋራ የፋይል ሥርዓት) ላይ ከሆነ ፈተናውን በሌላ ሁኔታ ድገሙት። ኢምፋይል ሊኑክስ ላይ ለውጥን የሚያውቀው በአይኖቲፋይ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሌላ ማሽን በኔትወርክ የጻፈውን አያይም። በየጊዜው ወደሚመለከትበት ሁኔታ ቀይሩት። የሚመለከተው በዲፎልት በ10 ሰከንድ አንዴ ስለሆነ በፈተናው ላይ የምትጠብቁትም በዚያው ይርዘም።

ከአርሲስሎግ ውጪስ?

ፋይልቢት የተለመደው አማራጭ ነው። ጠባዩ ተቃራኒ ነው። አርሲስሎግ ካልነገራችሁት ለዘላለም ይጠብቃል፤ ፋይልቢት ግን በዲፎልቱ 5 ሰከንድ ጠብቆ ያለውን ይልካል፣ ከ500 መስመር በላይም አይጠቀልልም። የመጨረሻው መልእክት አይታገትም፤ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም ግን ይሰነጠቃል። ሲስሎግ ኤንጂም ገባ ያለ መስመርን፣ መነሻንና ማለቂያን ለይቶ ማንበብ ይችላል፤ ታይምአውትም አለው። መነሻና ማለቂያ አንድ ላይ የሚያስፈልገው ሎግ ካላችሁ እሱን እዩት። ሦስቱንም ከላይ ባለው ፋይል፣ በተመሳሳይ ቆይታ መፈተን ይቻላል።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን የአርሲስሎጋችሁን ስሪት ቁጥር እዩ። ኡቡንቱ 16.04 የያዘው 8.16 ነው፤ ሪድታይምአውት የለውም። ኡቡንቱ 18.04 የያዘው 8.32 ነው፤ ታይምአውቱ አለው፣ የማለቂያው ሬጀክስ የለውም። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ሁሉም አለ፤ ቁጥሩ 8.2001 የሆነው ፕሮጀክቱ ከ2019 ጀምሮ ዓመትና ወርን በስሪቱ ቁጥር ላይ መጻፍ ስለጀመረ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ሦስቱም ዓይነት ሰርቨር ካለ፣ ቅንብሩን በጣም በቆየው ላይ ሞክሩት።